ከሙት ዓመቱ በፊት፦ የመኪና አደጋ ካሳና የመድን ክርክር

ወረቀቱ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። ከብቸና በኩል የመጣች፣ ዕድሜዋ ከአርባ ያልዘለለ እናት ናት። ቋጠሮውን ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። አንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ የአምስት ሽማግሎች ፊርማ፣ ከፊርማዎቹ ጎን በሰማያዊ ቀለም የታተመ የአውራ ጣቷ አሻራ። ባሏን ከገበያ ሲመለስ የጭነት መኪና ገጭቶ ከገደለው ከ19 ቀን በኋላ የተጻፈ ነው። "ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር የምንጠይቀው የለም" ይላል። ለተዝካር የሚሆን ጥቂት ገንዘብና አንድ ሰንጋ ተሰጥቷታል። ማንበብ ስለማትችል ተነቦላት እንደሆነ ጠየቅኋት። "ተነቧል፤ እኔ ግን የሰማሁት ልመናቸውን ነው" አለችኝ። "ድንጋይ ተሸክመው ደጄ ላይ ቆመው እንዴት እምቢ ልበል?"

እምቢ ማለት አልነበረባትም። ዕርቁ ትክክል ነበር፤ ሾፌሩ የጎረቤት ወረዳ ልጅ ነው፤ ደም ሳይደርቅ ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይፈላለግ ሽማግሎቹ ያደረጉት አባቶቻቸው ያደረጉትን ነው። የጎዳት ዕርቁ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። በደብረ ማርቆስ በጠበቃነት በሠራሁባቸው ዓመታት እንደተረዳሁት፣ በጎጃም መንገዶች ላይ የተጎዳ ሰው ካሳውን የሚያጣው በአብዛኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ ተሸንፎ አይደለም። ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፈረመው ወረቀት እና ሳያውቀው በሚያልፍበት ጊዜ ነው የሚያጣው። ስለዚህ ይህን ማብራሪያ ስጽፍ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ እቆያለሁ።

ወንጀሉ የመንግሥት፣ ካሳው የእርስዎ

አደጋ ሲደርስ ሁለት ጉዳይ ይወለዳል። አንደኛው የወንጀል ጉዳይ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ ሾፌሩ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ወይም አካል በመጉዳት ይጠየቃል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ እነዚህ አንቀጽ 543 እና 559 ናቸው። ሾፌሩ ቢታሰርም ቢቀጣም ከዚያ ፍርድ ለቤተሰቡ የሚደርስ ገንዘብ የለም። ሁለተኛው የካሳ ጉዳይ ነው፤ ይህን ማንም በእርስዎ ፈንታ አይከስልዎትም። ብዙ ሰው "ጉዳዩ እኮ ፍርድ ቤት ነው" ብሎ ይጠብቃል። ፍርድ ቤት ያለው የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የእርስዎ ገና አልተጀመረም።

ሁለቱ ጉዳዮች አንዳቸው ለሌላው እስረኛ አይደሉም። ሾፌሩ በወንጀል ችሎት ነፃ ቢባል እንኳ የካሳ ክሱ በዚያ አይሞትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛ በወንጀል ችሎት የነፃነት ውሳኔ እንደማይገደድ ይናገራል። "ልጁ ነፃ ወጣ፣ እኛም ዝም አልን" ያለኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ የሽማግሌ ዕርቅ በአብዛኛው የወንጀሉን ክስ አያስቆምም፤ ቅጣቱን ለማቅለል ግን ሊረዳ ይችላል። የሾፌሩ ወገኖች ለዕርቅ የሚቸኩሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዚህ አልነቅፋቸውም፤ የተጎጂው ወገን ግን ይህን አውቆ ቢቀመጥ ይሻላል።

ሕጉ ለተጎጂው የሚያደላበት ዋና ቦታ አንቀጽ 2081 ነው። የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። መኪናውን የነዳው ፈቃድ ያልተሰጠው ሰው ቢሆን እንኳ ያው ነው። ባለንብረቱ በዚህ በኩል ሊያመልጥ የሚችለው መኪናው በጊዜው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። "ሾፌሬ እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ" የሚለው ክርክር አይረዳውም፤ እርስዎም የሾፌሩን ጥፋት የማስረዳት ግዴታ የለብዎትም። መኪናው መግጨቱን፣ ጉዳቱ ከዚያ መምጣቱን ማስረዳት ይበቃል። ባለንብረቱ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል የተጎጂው ጥፋት መሆኑን ካሳየ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል ወይም ይቀነሳል። በጨለማ በአስፋልት መካከል ሰክሮ የሄደ ሰው ካሳው እንዲቀነስ የሚያደርገው ይህ ነው። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ደግሞ የአንዱ ጥፋት ካልተረጋገጠ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ተቆጥሮ ጉዳቱን እኩል ይካፈላሉ።

ትኬት ቆርጦ የተሳፈረ መንገደኛ ጉዳይ በማጓጓዣ ውል ስለሚታይ ሕጉ ይለያል፤ በልመና ጭነት መኪና ላይ የወጣ ሰውም እንዲሁ ሌላ ነው። ስለዚህ ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚናገሩት እግረኛ እንደነበሩ ወይም ተሳፋሪ እንደነበሩ ይሁን።

ባለንብረት ማነው? ይህ በእኛ አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም። መኪና በውክልና ይሸጣል፣ ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ግን በፊተኛው ሰው ስም ይቀራል። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ከሚመላለሱት የጭነት መኪናዎች መካከል ሊብሬያቸው ላይ ያለው ሰውና በየወሩ ገቢውን የሚቀበለው ሰው የተለያየባቸው ጥቂት አይደሉም። የሊብሬውን ስም ከፖሊስ መዝገብ ወይም ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አውጥተው፣ መኪናውን በእጁ የያዘውንም አብረው ይክሰሱ። አንዱን ብቻ ከሰው "እኔ አይደለሁም" ሲባሉ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ዓመቱ እንዴት እንደሚያልቅ

ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የሚሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ይህ ይርጋ ይባላል። ካለፈ በኋላ ተከሳሹ "ይርጋ አልፏል" ብሎ ከተቃወመ ዳኛው የእግርዎን ስብራት ወደማየት አይደርስም።

ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል። በሐዘን ቤት ግን ጊዜው የሚቆጠረው በሌላ ነው። ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ ዐሥራ ሁለት አለ፣ አርባ አለ። ከዚያ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። "ተዝካሩ ሳይወጣ ክስ ምንድን ነው፣ ሬሳ መሸጥ ይመስላል" ይባላል። ተዝካሩ ሲወጣ አንድ ዓመት ሄዷል። ቀጥሎ ክረምት ይገባል፣ እርሻ ይመጣል፣ አጨዳ ይከተላል። በመካከሉ የመድን ድርጅቱ "ሰነድ ይጎድላል፣ በሚቀጥለው ወር ይመለሱ" ይላል። የድርጅቱ ቀጠሮ ይርጋውን ያቆምልኛል ብለው አይተማመኑ። በሽማግሌ መመላለስም እንዲሁ። እንደ ደንቡ ቁርጥ ያለው ነገር ክስ መመሥረት ነው፤ ሌላው ሁሉ ያከራክራል።

አንድ መውጫ በር አለ። ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ከሆነና የወንጀል ሕጉ ለዚያ ወንጀል የሚሰጠው ይርጋ ከሁለት ዓመት የሚበልጥ ከሆነ፣ ካሳው በዚያ በረዘመው ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። ሰው የሞተባቸው ብዙ አደጋዎች በዚህ ይድናሉ። ቢሆንም ይህን በር ዘግይቶ ለመጣ ሰው እንጂ ገና ጊዜ ላለው ሰው አልመክርም፤ ወንጀል መኖሩን ማስረዳት ሌላ ክርክር ነው። ስለዚህ በሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ የምለው ይህ ነው፦ ሰማንያው እንደወጣ አንድ የቤተሰቡ ሰው፣ ቢቻል ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ጉዳዩን ይያዝ። ልቅሶውን ለሌሎች ይተው። ሟች በልጆቹ ቀለብ መከበር አይቀየምም።

የዕርቁ ወረቀት

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ግልግልና ዕርቅ በሚናገረው ክፍል፣ አንቀጽ 3312 ላይ፣ በተስማሚዎቹ መካከል የተደረገ ዕርቅ ይግባኝ እንደማይባልበት የመጨረሻ ፍርድ ኃይል አለው ይላል። በዛፍ ጥላ ሥር የተጻፈች አንዲት ገጽ ከከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርድ እኩል ትቆማለች ማለት ነው። ሽማግሎቹ ይህን አያውቁም። ጸሐፊውም፣ ብዙ ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ ወይም መምህር፣ "በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር" የምትለዋን ሐረግ ከሌላ ወረቀት የቀዳት ናት። ደም ለማድረቅ የተቀመጠ ሽማግሌ የሕፃናቱን የ15 ዓመት ቀለብ አብሮ ያደርቀዋል።

ዕርቅ ይቅር አልልም። እንዲያውም ከፍርድ ቤት ይልቅ ሰላም የሚያወርደው እርሱ ነው። ወረቀቱ ግን የሚከተለውን ይዞ ይጻፍ፦ "የተሰጠው ገንዘብ ለቀብርና ለተዝካር እርዳታ ነው። ይህ ዕርቅ በቤተሰቦቹ መካከል ቂም እንዳይኖር የተደረገ የደም ዕርቅ ሲሆን፣ የሟች ቤተሰብ ከመኪናው ባለንብረትና ከመድን ሰጪው በሕግ የሚገባውን ካሳ የመጠየቅ መብቱን አይነካም።" የሾፌሩ ቤተሰብ ይህን ለመፈረም የሚቸገርበት ምክንያት የለውም፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ከእርሱ ኪስ አይወጣም። ሽማግሌ ሆነው የሚቀመጡ አባቶች ይህን አንቀጽ ቀድተው ቢይዙት እወዳለሁ። ያልተማረ ሰው አሻራ ሲያደርግም ከሽማግሎቹ ውጭ የሆነ የራሱ ሰው ወረቀቱን ያንብብለት።

አስቀድሞ የተፈረመ ካለስ? ተስፋ አይቁረጡ፤ ወረቀቱን ይዘው ለባለሙያ ያሳዩ። ጠበቃው የሚመለከታቸው ነገሮች አሉ። ማን ከማን ጋር ፈረመ? ሾፌሩ ብቻ ወይስ ባለንብረቱም? ሕፃናት ልጆች ነበሩ? የእነርሱ መብት ከእናታቸው ፊርማ ተለይቶ ሊታይ ይገባል። ፈራሚው ምን እንደሚፈርም ያውቅ ነበር? በዚህ ላይ ክርክር ይነሣል፤ ማሸነፉ ግን የተረጋገጠ አይደለም።

የመድን ድርጅቱም የራሱ የዕርቅ ወረቀት አለው። ቼክ ሲሰጥዎት የሚያስፈርምዎት ደረሰኝ አብዛኛውን ጊዜ "ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል፤ ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም" የሚል መስመር ይኖረዋል። ከዚህ በታች የማሳየውን ስሌት ሳያዩ አይፈርሙት። ለኩባንያው ድርሻ ብቻ እንደሆነ፣ በባለንብረቱ ላይ ያለዎት መብት እንደተጠበቀ ያስጽፉበት።

ከየት ይከፈላል፣ ስንት ይከፈላል

በአገራችን ማንኛውም ተሽከርካሪ፣ ባጃጅም ጭምር፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው ለሚጎዳው ሌላ ሰው የሚከፍል መድን፣ ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ የሚያስገድድ ሕግ አለ። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። በዚህ አዋጅ መድን ሰጪው ለሞተ ወይም አካሉ ለተጎዳ ለአንድ ሰው እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር እንዲከፍል ተደንግጎ ነበር። እንዲህ ያለው ጣሪያ በመንግሥት ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ፣ አደጋው በደረሰበት ቀን ሥራ ላይ የነበረው ስንት እንደሆነ ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። የተጎዳ ሰው ደግሞ ገንዘብ ሳይጠየቅ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ጤና ተቋሙ ወጪውን ከመድን ሰጪው ይጠይቃል እንጂ "መጀመሪያ ካርድ አውጡ፣ ክፈሉ" ብሎ በር ላይ ማቆየት የለበትም።

ገጭቶ ያመለጠ መኪና ወይም መድን ያልገባ መኪና ከሆነስ? ለዚህ የመድን ፈንድ አለ። ዛሬ የመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ይባላል። ዓባይ በረሃ ላይ ሌሊት ገጭቶ የተሰወረ መኪና የገደለው ሰው ቤተሰብ ባዶ እጁን እንዳይቀር የተቋቋመ ነው። የፖሊስ ማስረጃ ከሌለ ግን ፈንዱ የሚከፍልበት መሠረት የለውም። ስለዚህ ታርጋ ባይታወቅም አደጋውን ወዲያውኑ ለትራፊክ ፖሊስ ማስመዝገብ ግድ ነው።

እዚህ ላይ የማይቀር አንድ ግራ መጋባት አለ። በገጠሩ "መድን አለኝ" ሲባል ብዙ ጊዜ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ነው። ያ ለሕክምና ነው። ስለ ጠፋ እግር ወይም ስለ ሞተ አባት ካሳ የሚሰጥ አይደለም፤ ደብተሩ ስላለዎትም የካሳ መብትዎ አይቀንስም።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነጥብ ደረስን። የመድን ጣሪያ የካሳው ጣሪያ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2091 መሠረት ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። ኩባንያው እስከ ጣሪያው ይከፍላል፣ ቀሪውን ባለንብረቱ ይከፍላል። የኩባንያውን ክፍያ ብቻ ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው የቀረውን ባለማወቅ ትቶት ይሄዳል።

በአንድ ገበሬ ላይ እናስላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው። የ40 ዓመት ሰው ነው፣ በደንበጫ አካባቢ ያርሳል። ከመሬቱ በዓመት 24 ኩንታል በቆሎ ያገኝ ነበር። ባጃጅ ገጭቶት ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ሞፈር መያዝ አልቻለም። መሬቱን በእኩል ለሌላ ሰው ሰጠ። አሁን የሚደርሰው 12 ኩንታል ነው። በዓመት 12 ኩንታል ጎደለበት። አንዱን ኩንታል 5,000 ብር ብንይዝ 60,000 ብር ነው። እስከ 60 ዓመቱ ቢያርስ ኖሮ ለ20 ዓመት 1,200,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ዘሩና ማዳበሪያው ታስቦ ይቀነሳል፣ ዳኛውም የሕክምና ቦርዱ የሰጠውን የጉዳት መቶኛ ያያል፤ ስለዚህ ሙሉው ላይፈረድ ይችላል። ሆኖም በአዋጁ ከነበረው 40,000 ብር ጋር ያለው ርቀት ይታያል።

"ገበሬ ደመወዝ የለውም፣ ገቢው በምን ይታወቃል?" የሚል መከላከያ ሁልጊዜ ይቀርባል። ይታወቃል። የመሬት ይዞታ ደብተሩ የመሬቱን ስፋት ይናገራል። የግብር ደረሰኝ አለ። ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሸጠበት ደረሰኝ፣ ማዳበሪያ የወሰደበት ወረቀት አለ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ በዚያ አካባቢ ከአንድ ሄክታር ስንት እንደሚገኝ ቀርቦ መመስከር ይችላል። የእኩል አራሹ ራሱ ምስክር ነው፤ ከእርሱ የተሻለ ምስክር አላውቅም፣ ምክንያቱም የጎደለውን ግማሽ የሚወስደው እርሱ ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ትክክለኛውን መጠን ማወቅ ካልተቻለ፣ አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ በመሰለው ግምት፣ እንዲቆርጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ "ማስረጃ የለኝም" ብሎ የቀረ ሰው ራሱን ነው የበደለው።

ሞት ከሆነ ካሳውን የሚጠይቁት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች ናቸው፤ መልኩም የቀለብ ነው። ወንድምና እህት በዚህ አልተጠቀሱም። ቤተሰብ ወንድምየውን ከሳሽ አድርጎ ሲልክ መዝገቡ የሚዘጋው በዚህ ነው። ለሐዘኑ ስለሚከፈለው የሞራል ካሳ ብዙ አልልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። አባቱን ያጣ ልጅ ፊት ይህን ቁጥር መናገር ያሳፍረኛል፤ ሕግ አውጪው ሊነካው ይገባ ነበር።

ሾፌርና ረዳት ሆኖ የተጎዳ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። እርሱ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ሠራተኛ አሠሪውን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይጠይቃል፤ አሠሪው ባያጠፋም ኃላፊ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያዝ ነገር

ታርጋውን በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ የመድን ተለጣፊው መስታወቱ ላይ አለ፣ እርሱንም ያንሱ። የትራፊክ ፖሊሱ የሚያነሣውን የአደጋ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ቅጂ ይጠይቁ። ፕላኑ ተሳስቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ እርስዎ ዳር ቆመው ሳለ መካከል አስቀምጦዎት ከሆነ፣ በቦታው የነበሩ ሰዎችን ስምና ስልክ ይያዙ፤ ፕላን ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ካርዱ ላይ "በመኪና አደጋ" ተብሎ መጻፉን ይዩ። "ወደቀ" ተብሎ የተጻፈ ካርድ በኋላ ለማስተካከል ያደክማል። ወጌሻ ዘንድ ከሄዱም ከዚያ በፊት ሆስፒታል ይድረሱ። የመድኃኒት፣ የመኝታ፣ ከሞጣ ባሕር ዳር ታማሚ ያመላለሱበት የኮንትራት መኪና ደረሰኝ ሁሉ ገንዘብ ነው።

መኪናው የእርስዎ ሲሆን

እስካሁን ስለተጎጂው ነበር። መኪናው የእርስዎ ሆኖ ኩባንያው አልከፍልም ሲልዎትስ? የመድን ውል አሁንም የሚመራው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የመድኑን ክፍል አልነካውም። በዚያ ሕግ መሠረት አደጋው እንደታወቀ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ለኩባንያው ማሳወቅ ይገባል። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካላገደ በቀር። መንገድ ተዘግቶ ወይም ስልክ ተቋርጦ ከሆነ፣ ያንን የሚያሳይ ደብዳቤ ከቀበሌው ወይም ከወረዳው ያዙ። ከኩባንያው ጋር የሚደረግ ክርክርም የሁለት ዓመት ይርጋ አለበት።

እምቢታ የሚሰማባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ፦ የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ ለመኪናው አይመጥንም፣ ጭነቱ ከልክ በላይ ነበር፣ የኩባንያው ባለሙያ ሳያየው መኪናው ተጠገነ፣ ውሉ ሲፈረም የተነገረው እውነት አልነበረም። ኩባንያው እምቢ ካለ በቃል አይቀበሉት። የውሉን አንቀጽ ጠቅሶ በደብዳቤ ይጻፍልዎት። ብዙ እምቢታ ወረቀት ላይ ሲወርድ ይለሰልሳል።

ባለመኪናዎችን ከሁሉ የሚያስከፋው ግን እምቢታው ሳይሆን ግማሽ ክፍያ ነው። በ1,500,000 ብር የተገመተ መኪና መድን እየታደሰ ዓመታት ያልፋሉ። የመኪናው የገበያ ዋጋ ግን 3,000,000 ብር ደርሷል እንበል። 600,000 ብር ጉዳት ሲደርስ ኩባንያው 300,000 ብር ብቻ ያቀርባል። ሰውየው ተጭበረበርኩ ይላል፤ አልተጭበረበረም። መኪናው በግማሽ ዋጋው ስለተመዘገበ ሕጉ ለቀረው ግማሽ እርሱን ራሱን እንደ መድን ሰጪ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ውሉ በታደሰ ቁጥር የመኪናውን ዋጋ ያስተካክሉ፤ አረቦኑ (ለመድኑ የሚከፍሉት ገንዘብ) ጥቂት ይጨምራል፣ ያን ቀን ግን ያድናል። ኩባንያው በአግባቡ ካላስተናገደዎት የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ አቤቱታ ይቀበላል። ውሉ ውስጥ "አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይታያል" የሚል አንቀጽ ካለ ግን ከፍርድ ቤት በፊት እርሱን ይመልከቱ።

ጠበቃ፣ ወጪ፣ ቦታ

አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ ብለው የሚቀሩ አሉ። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነውና። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 በሰው ወይም በንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት ክስ ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚችል ይናገራል። ቡሬ ላይ ለተገጨ ሰው ደጁ ላይ ፍርድ ቤት አለ። ሾፌሩን፣ ባለንብረቱንና መድን ሰጪውን በአንድ መዝገብ መክሰስ ድካም ይቀንሳል።

የዳኝነት ክፍያ እንደ ክሱ መጠን ያድጋል፤ ለደሃ ቤተሰብ ከባድ ነው። የሚከፍለው የሌለው ሰው ይህንኑ በመሐላና በቀበሌ ማስረጃ አስረድቶ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ አቤቱታ ከመጻፍ ጀምሮ ይረዳሉ። ጠበቃ ሲቀጥሩ ክፍያውን፣ ይግባኝ ይጨምር እንደሆነ፣ ወጪው በማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስማሙ። ውክልና ሲሰጡም "ገንዘብ ተቀብሎ እንዲያስታርቅ" የሚለውን ሥልጣን ሳያስቡበት አይጨምሩበት። ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ "ካሳህን አወጣልሃለሁ፣ ግማሹን ትሰጠኛለህ" ለሚል ደላላ ደግሞ ምንም ወረቀት አይስጡ። ሰነዱ በእጁ ሲገባ ጉዳዩ የእርሱ ይሆናል።

ያች የብቸና እናት ፌስታሏን ይዛ ስትመጣ ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር የቀረው። ሊብሬው በደጀን ሰው ስም ሆኖ መኪናው በሌላ ሰው እጅ ነበር። የልጆቿን የልደት ማስረጃ ለማውጣት አምስት ቀን፣ የግብርና ባለሙያውን ደብዳቤ ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀ። ክሱ መዝገብ ቤት የገባው 11 ቀን ሲቀረው ነው። በሰማያዊ ቀለም አሻራዋ ያለበት ወረቀትም በተከሳሾች በኩል ከመልሱ ጋር ተያይዞ ቀርቧል፤ የልጆቹን መብት ይነካል ወይስ አይነካም በሚለው ላይ ክርክሩ ገና አላለቀም።